ዳኛው «ይፈታ» ካለ በኋላ ማን ይፍታው?

አወያይ
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን ይህ ነው። ፍርድ ቤት መንግሥትን «ከዚህ አትለፍ» ማለት የሚችለው ምን ሲኖረው ነው? ነጻ ዳኛ መኖሩ ብቻ ይበቃል? ወይስ ሕግ የመሻር ሥልጣን ከሌለው የዳኛው ነጻነት ለጌጥ ነው?

ለመነሻ ያህል የኛን አገር ሁኔታ ላስታውሳችሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 78 ነጻ የዳኝነት አካል ተቋቁሟል ይላል። አንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ አይመሩም ይላል። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን ፍርድ ቤት አይደለም። አንቀጽ 62 እና 83 ያንን ሥልጣን የሰጡት ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሚያግዘው ደግሞ 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። የጉባኤው ሰብሳቢ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው። «ይህ ሥልጣን ለፍርድ ቤት ይሰጥ» የሚሉ አሉ። «ለማን ቢሰጥ ምን ይለወጣል?» የሚሉም አሉ።

ስድብ አይፈቀድም። ብሔር እየጠሩ መነታረክም አይፈቀድም። ቀጥሉ።

የልደታ ጠበቃ
በታሪክ ልጀምር። በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ። ከተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩ የቀረበላቸው ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ወጣት ዳኛ ናቸው። ያኔ ብዙ ሰው ውሳኔው አስቀድሞ ያለቀ መስሎት ነበር። እሳቸው ግን ሕጉን አይተው ዋስትና ፈቀዱ። ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ወዲያው እንደገና ተያዙ። ፓርላማው ደግሞ በጥድፊያ አዋጅ አወጣ፤ ቁጥር 239/1993። በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይወጣም አለ። ስዬ ስድስት ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ።

እስቲ ንገሩኝ። እዚህ ታሪክ ውስጥ የጠፋው ነጻ ዳኛ ነው? ዳኛዋማ ነበሩ። የጠፋው ትእዛዛቸውን የሚያከብር ነው።

እኔም በሥራዬ የማየው ይኼንኑ ነው። ዳኛው «ይፈታ» ይላል። መፍቻውን፣ ማለትም የመልቀቂያ ትእዛዙን፣ ይዘህ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለህ። «ኃላፊው የሉም» ትባላለህ። ከሰዓት ትመለሳለህ። «ለሌላ ጉዳይ ይፈለጋል» ይሉሃል። በነጋታው ስትሄድ ሰውየው ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛውሯል። ዳኛው የበኩሉን ጨርሶ መዝገቡን ዘግቷል። እንግዲህ በዚህ መሃል የትርጉም ሥልጣን የማን ይሁን ብሎ መከራከር ቤቱ ጣራ ሳይኖረው የግድግዳ ቀለም መምረጥ ነው የሚመስለኝ።

ሦስተኛ ዓመት ሕግ
ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። ያመጡት ታሪክ ራሱ ይመልስልዎታል። አንቀጽ 19 ንዑስ 6 የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል። በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ዋስትና ሊከለክል የሚችለው «ፍርድ ቤት» ነው ይላል። አዋጅ 239 ግን ምርጫውን ከዳኛዋ እጅ ነጠቀ። ዳኛዋ «ይህ አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል፤ አልሠራበትም» የማለት ሥልጣን ቢኖራቸው ኖሮ ያ አዋጅ ወረቀት ሆኖ በቀረ ነበር። ስላልነበራቸው ግን እስሩ ሕጋዊ ሽፋን አገኘ። ትእዛዝ የሚጥስ ፖሊስ ቢያንስ ጥፋት እየሠራ እንደሆነ ያውቃል። አዋጅ የያዘ ፖሊስ ግን ደረቱን ነፍቶ ነው የሚያስረው።

ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር። በ1997 ከግንቦቱ ምርጫ ማግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባ ሰልፍና ስብሰባ ለአንድ ወር መከልከሉን በቴሌቪዥን ተናገሩ። ተቃዋሚው ፓርቲ ቅንጅት ፍርድ ቤት ሄደ። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን ለአጣሪ ጉባኤው ላከው። ጉባኤው ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ መለሰው። አለቀ። ሁለቱን ወገኖች በግልጽ ችሎት አቁሞ «ይህን ሥልጣን ከየት አመጣችሁት?» ብሎ የጠየቀ ዳኛ አልነበረም። ያ ዳኛ ደፋር ይሁን ፈሪ ማወቅ እንኳ አልቻልንም። መዝገቡ ከእጁ ወጥቶ ሄዷላ!

ሰማይ አይታረስ
ሁለታችሁም በከንቱ ትደክማላችሁ። አባቶቻችን ጨርሰውታል። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

የጎንደር ልጅ
ያው አባቶች እኮ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ብለዋል። ተረት በተረት ከሆነ እኩል ነን።

ደግሞ የዚያ ተረት ምክንያት ግልጽ ነው። በድሮው ሥርዓት ዳኝነት የንጉሡ ነበር። ዳኛው የሚፈርደው በንጉሡ ስም ነው። የመጨረሻው አቤቱታ የሚሰማው ዙፋን ችሎት ላይ ነው፤ እዚያ ዳኛው ራሳቸው ንጉሡ ናቸው። ንጉሡን ለማን ትከሳቸዋለህ? ለራሳቸው? ዛሬ ግን ንጉሥ የለም። ተረቱ ብቻ ነው የቀረው።

ሰማይ አይታረስ
ተረቱ ብቻ? ወንድሜ፣ አንተ የምትኖረው የት ነው?

የአርባ ምንጩ
ሁላችሁም ስለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የምታወሩት እንደ ባላጋራ ነው። ሥልጣኑ ለምን እንደተሰጠው የጠየቀ የለም። ሕገ መንግሥቱ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ነው የሚጀምረው። የቃል ኪዳኑ ባለቤቶች እነሱ ናቸው። ሲያከራክርም ባለቤቶቹ ይፍቱት ተባለ። ማንም ያልመረጣቸው ጥቂት ዳኞች አዲስ አበባ ቁጭ ብለው የአንድን ሕዝብ ማንነት ይወስኑ? የስልጤ ጥያቄ በ1993 በሕዝበ ውሳኔ የተቋጨው በዚህ ምክር ቤት በኩል ነው። ለፍርድ ቤት ቢሰጥ ኖሮ እስከ ዛሬ በቀጠሮ ላይ ይሆን ነበር።

ደግሞ ምክር ቤቱ ምንም አይሽርም የሚባለው ወሬ ነው። አንዲት ሴት ፈቃዷን ሳትሰጥ ጉዳይዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ታየ። ይግባኝ ብላ እስከ ሰበር፣ እስከ መጨረሻው ችሎት፣ ድረስ ሄዳ አልተሳካላትም። ውሳኔውን የሻረላት ፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ነው። አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ካልፈቀዱ አይሆንም ይላልና። የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ኃላፊ የነበሩት መላኩ ፈንታ ሲከሰሱም እንዲሁ ነው። ከፍተኛ ባለሥልጣን በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ይዳኝ የሚለው ሕግ የይግባኝ መብት ያሳጣል ተብሎ የተሻረው እዚያው ነው። በሴትየዋ ጉዳይ ነጻ የምትሉት ፍርድ ቤት ነበር የሳተው። ያረመው «ፖለቲከኛ» የምትሉት ምክር ቤት ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሕግ
የማንነት ጥያቄውን ምክር ቤቱ ይያዘው፤ እዚያ ላይ ከእርስዎ ጋር አልጣላም። የኛ ጥያቄ ግን መንግሥትን ስለመግታት ነው። የጠቀሷቸውን ልብ ብለው ይዩ። በሁለቱም አስፈጻሚው የሚያጣው ነገር የለም። ለሥልጣን የሚያሰጋ ጉዳይ ሲመጣስ?

በ2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት አልካሄድ ሲል ለትርጉም የሄደው ወደዚያው ምክር ቤት ነው። አጣሪ ጉባኤው የባለሙያዎችን ሙግት በቴሌቪዥን በቀጥታ አሰማን። እውነት ለመናገር እኔ ሕግ ልማር ያልኩት ያንን እያየሁ ነው። ወዲያና ወዲህ ሲሟገቱ መስማት ደስ ይል ነበር። የመጨረሻው ውሳኔ ግን የምክር ቤቶቹን ዘመን ሲያራዝም የራሱን የፌዴሬሽን ምክር ቤቱንም ዘመን አራዘመ። አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ከውሳኔው ጥቂት ቀን ቀደም ብለው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። መራዘሙ ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ተዉት። በራሱ ወንበር ላይ ራሱ ፈረደ። ይኼ በየትኛውም ሰፈር ሽምግልና ላይ ከዳኝነት ያስነሳል።

የአርባ ምንጩ
ፍርድ ቤቱ ስለ ዳኞች ደመወዝና ጡረታ ሲፈርድስ በራሱ ጉዳይ አይፈርድም? የትም አገር አንዱ ተቋም መጨረሻ ላይ ይቆማል። ከእሱ በላይ የሚጠየቅ የለም። ጥያቄው ማን ይሁን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከአሜሪካ አንድ ነገር ላስገባ። «ዳኛውን የሾመው መሪው ስለሆነ ለመሪው ያደላል» ይባላል። በኛ አገር አንቀጽ 81 መሠረት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሚሾመው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት ነው። እዚህ ደግሞ የፌዴራል ዳኞችን ሁሉ የሚያጨው ፕሬዚዳንቱ ነው። ታዲያ በ1974 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፕሬዚዳንት ኒክሰን በቢሮው የቀዳውን ድምፅ አላስረክብም ሲል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ0 ፈረደበት። ከስምንቱ ሦስቱን የሾማቸው ራሱ ነበር። ፍርዱን የጻፈው ዋና ዳኛ ዋረን በርገርም የእሱ ሹመኛ ነው። ኒክሰን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥልጣን ለቀቀ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሹመቱ ዕድሜ ልክ ነው። ደመወዙ አይቀነስም። አንዴ ከተሾመ በኋላ ሿሚውን የሚፈልገው ለምንም አይደለም።

የልደታ ጠበቃ
ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን የእኔን ነው የሚያጠናክረው። በወረቀት ከሆነ የኛም ዳኛ ዝም ብሎ አይባረርም። አንቀጽ 79 ንዑስ 4 እዩት። የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሳይወስንና የተወካዮች ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ ሳያጸድቅ ዳኛ ከሥራው አይነሳም። በጀቱንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ አዘጋጅቶ ለምክር ቤት ያቀርባል፤ ሲፈቀድ ራሱ ያስተዳድራል። በ2011 መዓዛ አሸናፊ የመጀመሪያዋ ሴት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው መጡ። በ2013 አዋጅ 1233 እና 1234 ወጡ። ፍርድ ቤቱ ላይ ብዙ ነገር ተሻሻለ። እሳቸው በጥር 2015 ለቀቁ። በዚያው በማሻሻያው ዘመን ግን ምን ሆነ? በ2013 መጀመሪያ ልደቱ አያሌው ቢሾፍቱ ታስረው ሳለ ፍርድ ቤት ዋስትና ፈቀደላቸው። ፖሊስ አልለቅም አለ። ትእዛዙ ግልጽ ነበር። ዳኛውም አልፈራም። ሰውየው ግን እስር ቤት ቆዩ።

ኒክሰንም ካሴቶቹን አቃጥያለሁ ቢል ኖሮ ስምንቱ ዳኞች ምን ያደርጉ ነበር? ጦር የላቸውም። የሰጠው የገዛ ፓርቲው ሴናተሮች እንደሚከዱት ስላወቀ ነው። ፍርድ ቤቱ ጀርባ የቆመ ሌላ ኃይል ነበር።

ናይሮቢ ነዋሪ
ጋሼ የነኩት ቦታ ነው ዋናው። ኬንያ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ የጎረቤቶቻችንን ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው።

በ2007 ምርጫው ሲወዛገብ የተቃዋሚው የራይላ ኦዲንጋ ወገን ፍርድ ቤት አልሄድም አለ። ፍርድ ቤቱ የእነሱ ነው ብለው ነው። ጠቡ መንገድ ላይ ወጣ። ከሺህ በላይ ሰው አለቀ። በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት መጣ። ነባሮቹ ዳኞች በሙሉ ለማጣሪያ ቀረቡ። ያላለፉት ተሰናበቱ። ለዋና ዳኛነት የሚወዳደሩት ሕዝብ እያያቸው በቴሌቪዥን ተጠየቁ። በ2013 ኦዲንጋ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ተሸነፉ፤ ተቀበሉ። በ2017 እንደገና ሄዱ። ሴፕቴምበር 1 ቀን ዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ በወንበሩ ላይ የነበሩትን የፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታን አሸናፊነት ሰረዙት፤ 4 ለ2። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማን ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ማመን አቃተው።

ኡሁሩ ኬንያታ አልስማማም፣ ግን አከብራለሁ አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ዳኞቹን «ዋኮራ» አሏቸው፤ ወሮበሎች ለማለት ነው። ከዚያ የመጣውን ስሙ። ድጋሚ ምርጫው ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ይራዘም የሚል አቤቱታ ለፍርድ ቤቱ ቀረበ። ከሰባቱ ዳኞች የተገኙት ሁለት ናቸው። ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ ጉዳዩ ሳይሰማ ቀረ። በዋዜማው የምክትል ዋና ዳኛዋ ሾፌር በጥይት ተመቶ ነበር። በ2018 ሚጉና ሚጉና የሚባል ፖለቲከኛ ፍርድ ቤት ይቅረብ ተብሎ ታዝዞ መንግሥት በአውሮፕላን ወደ ካናዳ ላከው። በ2019 የዳኞች ኮሚሽን ከ40 በላይ ዳኞችን ለሹመት አቀረበ። ኡሁሩ ሁለት ዓመት ገደማ ሳይፈርሙ ቆዩ። መጨረሻ ላይ 34ቱን ሾመው ስድስቱን ዘለሉ። ፍርድ ቤት ሹም ብሎ ቢያዝም አልሰሙም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ ፍርድ ቤቱ ለምን አልወደቀም? መልሱን በአንድ ሰው ላሳያችሁ፤ ዊሊያም ሩቶ። በ2017 ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ፍርዱ ጎዳቸው። በ2021 ኡሁሩና ኦዲንጋ ተስማምተው ያመጡትን «ቢቢአይ» የሚባለውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ፍርድ ቤት አገደው። በዚያ የተጠቀሙት ሩቶ ናቸው። በ2022 ፕሬዚዳንት ሲሆኑ የመጀመሪያ ሥራቸው የተዘለሉትን ስድስት ዳኞች መሾም ሆነ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ዳኞቹን በሙስና ከሰሱ። ጠበቆች ሰልፍ ወጡ። አያችሁት? እዚያ ፖለቲከኛው ዛሬ ዳኛውን ይሰድባል። ግን ነገ ተቃዋሚ ሆኖ እዚያው ደጅ እንደሚቆም ያውቃል። ስለዚህ ደጁን አያፈርሰውም። ሥልጣን በየተራ የሚያዝ ከሆነ ፍርድ ቤት ለሁሉም ያስፈልጋል። የማይዞር ከሆነ ግን ገዥው ለምን ብሎ ያከብረዋል?

ሰማይ አይታረስ
አሁን ገና የሰው ወሬ ሰማሁ። ታዲያ ኬንያን ያዳናት ፍርድ ቤቱ ሳይሆን ምርጫው ነዋ።

ናይሮቢ ነዋሪ
ሁለቱ አይነጣጠሉም። ምርጫውን የሚታመን ያደረገው ፍርድ ቤቱ ነው። በ2022 ኦዲንጋ ለሦስተኛ ጊዜ ሄደው ለሁለተኛ ጊዜ ተሸነፉ። እንደ 2007 ዓይነት እልቂት አልመጣም።

የሐይፋዋ
እዚህ እስራኤል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ግማሹ አገር ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አበዛ ብሎ ይማረራል። የአርባ ምንጩ ወንድሜ ያነሳኸውን «ማን መረጣቸው?» የሚለውን እዚህ በየቀኑ ነው የምንሰማው። በ2023 መንግሥት የፍርድ ቤቱን ሥልጣን ልቀንስ ሲል በየቅዳሜው ማታ መንገዱ በሰልፈኛ ይሞላ ነበር። በሐምሌ ፓርላማው ፍርድ ቤት የመንግሥትን ውሳኔ «ምክንያታዊ አይደለም» ብሎ እንዳይሽር የሚከለክል ሕግ አወጣ። ፍርድ ቤቱ በ15 ዳኞች ተሰይሞ ሕጉን ራሱን ሻረው። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ነው። 8 ለ7። በአንድ ድምፅ!

እኔ ግን ይበልጥ የሚያስተምረኝ ሌላ ጉዳይ ነው። የኤርትራና የሱዳን ጥገኝነት ጠያቂዎች ጉዳይ። ከእነሱ ጋር በአንድ ሰፈር ስለምንኖር በቅርብ ነው ያየነው። በ2012 የወጣው ሕግ ድንበር አቋርጦ የገባን ሰው ያለ ፍርድ እስከ ሦስት ዓመት ማሰር ይፈቅድ ነበር። ፍርድ ቤቱ በ2013 ሻረው። ፓርላማው በሦስት ወር ውስጥ ሌላ ሕግ አመጣ፤ አንድ ዓመት እስር፣ ከዚያ በረሃ ላይ ሖሎት የሚባል ማቆያ፣ መውጫ ቀኑ የማይታወቅ። በ2014 እሱንም ሻረው። ፓርላማው እንደገና አወጣ፤ ሦስት ወር እስርና 20 ወር ሖሎት። በ2015 ሃያ ወሩ በዝቷል ተባለ።

ፍርድ ቤቱ አሸነፈ ወይስ ተሸነፈ? ሕጉ አልጠፋም። ሰዎቹም ወረቀት አላገኙም። ግን ሦስት ዓመት የነበረው እስር ሦስት ወር ሆነ። ለታሰረ ሰው ይኼ ትንሽ ነገር አይደለም። እናንተ «መንግሥትን ያስቆማል ወይስ አያስቆምም» ትላላችሁ። እኔ ያየሁት ፍርድ ቤት መንግሥትን አያቆመውም። እየተመላለሰ ይከራከረዋል፣ ያስቀንሰዋል። ለዚህም ግን የመሻር ሥልጣን ያስፈልጋል። ባይኖረው ምን ይዞ ይከራከራል?

ሦስተኛ ዓመት ሕግ
እህቴ፣ ተባረኪ። እኔ ለማለት የፈለግኩት ይኼንን ነው።

የሒሳብ ሰው
እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። የምሠራው የነጋዴ ሒሳብ ነው። ክርክራችሁ ሁሉ ስለ ትልልቅ ፖለቲከኞች ነው። ተራው ሰው ከመንግሥት ጋር የሚላተመው እኮ በመመሪያ ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር፣ የቦታ፣ የቤት መመሪያ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሠራተኛ ከመሳቢያው «መመሪያው ይከለክላል» ብሎ ወረቀት ሲያወጣ ልታየው እንኳ አትችልም ነበር። «የውስጥ ነው» ይልሃል።

በ2012 የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ወጣ፤ ቁጥር 1183። መመሪያ ካልተመዘገበና ለሕዝብ ካልተገለጸ አይሠራም አለ። የአስተዳደር ውሳኔን ፍርድ ቤት እንዲከልሰው መንገድ ከፈተ። ይኼ ሕገ መንግሥት መተርጎም አይጠይቅም። ፌዴሬሽን ምክር ቤት አይጠይቅም። ጋዜጣም ላይ አይወጣም። ግን እኔ ባለሁበት ሙያ «የተመዘገበበትን ቁጥር አሳየኝ» ማለት ብቻውን ስንት ነገር እንዳስተካከለ አይቻለሁ። አብዛኛው ነጋዴ ግን አዋጁ መኖሩን አያውቅም። ጠበቆቻችንም ብዙ አይጠቀሙበትም፤ ጋሼ ይቅርታ።

የልደታ ጠበቃ
ይቅርታ አያስፈልግም፤ እውነት ነው። ደንበኛው ራሱ ይፈራል። «ከከሰስኳቸው ነገ ፈቃዴን ማን ያድስልኛል?» ይላል።

የጎንደር ልጅ
እሺ፣ ይኼ ሁሉ ለሰላም ጊዜ ነው። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅስ? አንቀጽ 93ን አንብቡ። ሊታገዱ የማይችሉት አንቀጾች ጥቂት ናቸው፤ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ሁለት ንዑሳን። አንቀጽ 19 እዚያ ውስጥ የለም። በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት፣ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ዋስትና፣ ሁሉም ሊታገድ ይችላል። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በኛ ክልል ምክንያት የታወጀው አሥር ወር ነው የቆየው። ሰው ሲታሰር ቤተሰብ ወዴት ይሂድ? ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ዳኛ ቢያገኝ ዳኛው ምን ሥልጣን አለው? የሚቆጣጠር መርማሪ ቦርድ አለ ይባላል። ቦርዱን የሚያቋቁመው አዋጁን ያጸደቀው ያው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። የሚያየውን ጥሰት የሚነግረውም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።

ነጻ ዳኛም ይኑር፣ የትርጉም ሥልጣንም ይሰጠው። በጣም በሚያስፈልግበት ቀን ሕገ መንግሥቱ ራሱ በሩን ይዘጋዋል። ይኼን ካላሻሻላችሁ የቀረው ወሬ ነው።

የአርባ ምንጩ
እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። ምክር ቤቱን የምደግፍ ሰው እንኳ አንቀጽ 19 ሊታገድ አይገባም እላለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ሕግ
እኔም። ጋሼ፣ አሁን አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ዋናው ችግር ትእዛዝ አለመከበሩ ነው ብለዋል። እሺ፤ ነገ ጠዋት አንድ ጣቢያ መፍቻውን አልቀበልም ቢልዎት ምን ያደርጋሉ?

የልደታ ጠበቃ
ትእዛዙን ወደሰጠው ችሎት እመለሳለሁ። ኃላፊው በስሙ ተጠርቶ ቀርቦ ያስረዳ ብዬ እጠይቃለሁ። «ጣቢያው» አይደለም፤ ኃላፊው። ስሙ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይፈታል። ዳኛው ፍርድ ቤትን በመድፈር መቅጣትም ይችላል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 423 ደግሞ ከሕግ ውጭ የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛን እስከ አሥር ዓመት ያስቀጣል።

ሦስተኛ ዓመት ሕግ
423ን ማን ይከሳል? ዐቃቤ ሕጉ እኮ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። አስፈጻሚው አስፈጻሚውን ይክሰስ ልንል ነው?

ሰማይ አይታረስ
ሃ ሃ! ወደኔ መጣችሁ።

የልደታ ጠበቃ
ለወንጀሉ እውነትህን ነው። እዚያ የዐቃቤ ሕግ ፊት ማየት ግድ ነው። ለዚህ ነው እኔ ሰዎች ወደ ፍትሐ ብሔር እንዲሄዱ የምመክረው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2040 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሰውን ነጻነት የነካ ሰው ኃላፊ ነው ይላል፤ ለአጭር ጊዜም ቢሆን። አንቀጽ 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው። ጥፋቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ከሆነ መንግሥትም አብሮ ይከሰሳል። ከሳሹ አንተ ነህ፤ ዐቃቤ ሕግ አያስፈልግህም። ፌዴሬሽን ምክር ቤትም አያስፈልግህም። በአዋጅ 1234 ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሰብአዊ መብት አቤቱታ በቀጥታ እንዲያይ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ይኼን የሚጠቀም ግን ጥቂት ነው። የሚለቀቀው ሰው እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ቤቱ ይገባል። መክሰስ አይፈልግም። አልፈርድበትም።

ናይሮቢ ነዋሪ
የኬንያዎቹ ጠበቆች እንደዚህ ዓይነቱን ክስ በነጻ ነው የሚይዙት። ማኅበራቸው ራሱ ከሳሽ ሆኖ ይቆማል። ተበዳዩ ፊት ለፊት መውጣት አይጠበቅበትም።

የልደታ ጠበቃ
የኛ ማኅበር ያንን ቢያደርግ ግማሹ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አነሳዋለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ሕግ
ፖሊስ መፍቻ አልቀበልም በማለቱ በ2040 ተከሶ ካሳ የተፈረደበት ጉዳይ ያየ ሰው ካለ የመዝገብ ቁጥሩን እዚህ ይለጥፍልን። ሰበር ላይ ደርሶ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ከመጀመሪያው ጀምሬ እያየሁ ነው፤ እርዱኝ።